የእናታችን አቡጄዲ

በሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ አምቦ ገበያው ዳር ያለው ጨርቅ ሱቅ ገብቼ አቡጄዲ አዘዝኩ። "ሁለት ቦታ አድርገህ ቁረጥልኝ፤ አምስት አምስት ሜትር" አልኩት ባለሱቁን። ጨዋታ የሚወድ፣ አባቱንም የማውቃቸው ሰው ነው። መቀሱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። "እማማ አስካለ፣ ካቻምናም ለመግነዜ ነው ብለው ወሰዱ። አምናም ለመግነዜ ነው ብለው ወሰዱ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንት ጊዜ ነው የሚሞቱት?" ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መልስ አጥቼ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ለመልስ ሰንፌ አላውቅም። ግን ጣቃውን ሲዘረጋው ሽታው ወጣና አፌን ያዘኝ። አዲስ አቡጄዲ የራሱ ሽታ አለው፤ ውሃ የነካው ዱቄት ይመስላል። ለሌላው ሰው ጨርቅ ነው። ለእኔ ግን እናቴን ያስታውሰኛል፤ እህቴንም ያስታውሰኛል። ከአንዲት እህቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ያኳረፈን ይኸው ጨርቅ ነው።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ሴቶች ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ የገባበት ቀሚስ የሚያሰፉበት፣ ጎረምሶች ከፊት ሽንሽን ያለው ሰፊ ሱሪ የሚያዙበት ጊዜ ነበር። ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ሁሉቃ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካሴት ቤቱ አጠገብ ነበረች። ካሴት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ያዘፍናል፤ እኔም የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በዘፈኑ ምት ነበር። ዘፈኑ ቀዝቀዝ ያለ ቀን የሰው ሱሪ ይዘገያል። አቡጄዲ ሜትሩ ሦስት ብር ከስሙኒ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ማሰፊያ ስምንት ብር፣ ከመናኸሪያ ፍል ውሃ ድረስ በፈረስ ጋሪ ስሙኒ። የጋሪዎቹ ፈረሶች ጥላ ሲፈልጉ ደጃፌ ላይ ይቆሙና አንገታቸውን ወደ ሱቄ ያስገባሉ፤ አንዱማ የአንድ ሙሽራ እጀታ በልቶብኝ ያውቃል። ዛሬ ያ ሁሉ ባጃጅ ሆኗል። ሰልባጅ መጣና እኛን ሰፊዎችን ሥራ ፈት አደረገን፤ አሁን ሰው የሚመጣው ወገብ ለማስጠበብና ዚፕ ለማስቀየር ነው። ያኔ ግን ሱቄ ሙሉ ነበር። ልብስ ብቻም አይደለም፣ ወሬም ይሰፋበት ነበር። እናቴ "አስካለ ከሰማች አምቦ ሰማች" ትል ነበር። እኔ እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ዳቦ ሻጭ ነበረች። ሰፈሩ አዴ ብርቄ ይላታል፤ አዴ በእኛ አገር ወይዘሮ ማለት ነው። በኮባ የተጋገረ ድፎዋን ቆራርሳ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ትቀመጣለች። የነቀምቴ አውቶቡስ ሲቆም እጆች በመስኮት ይዘረጋሉ። "የአዴ ብርቄ እጅ ንጹሕ ነው" ይላል ሰው። የዳቦ ሻጭ ሀብቷ ይኸው ነው፤ እጇ ንጹሕ ነው መባሉ። አንድ ቀን ሱቄ መጣችና "አስካለ፣ መግነዜን ስፊልኝ" አለችኝ። ምንም ሳትታመም! እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ሳቀችብኝ። "ስንቅ የቋጠረ ሁሉ ዛሬውኑ ይሄዳል እንዴ? ይልቅ በደንብ ስፊው፤ ስነሣ ሰው ፊት የምቆምበት ነው" አለች። ሰፋሁት። ደረቱ ላይ ትንሽ መስቀል በቀይ ክር ጠለፍኩበት። ሦስቱን ክንድ እንደጨረስኩ ቀይ ክር አለቀብኝ፤ ሱቆቹ ደግሞ ዘግተዋል። አራተኛውን ክንድ በብርቱካናማ ጨረስኩት። እማዬ አገላብጣ አየችውና "ይሁን፣ ጌታ ለክር አይጣላም" አለች። የቆርቆሮ ሣጥኗ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

እህቴ ጋዲሴ ሰባት ዓመት ታንሰኛለች። እማዬ ገበያ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አስተማሪ ሆና ጎጆ ተመደበች። የጄልዱዋን ጎጆ ከተማ ነው የምላችሁ፤ ብርዱ አጥንት የሚገባ፣ ድንቹና ገብሱ ግን የሚያምር አገር። እዚያ አንድ የጤና ረዳት አገባች፤ እሱ ጴንጤ ነው፤ እሷም ጴንጤ ሆነች። እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን "ያው የጌታን ስም አይደል የሚጠሩት፤ ልጄን ልያት" ብላ ዳቦዋን ይዛ ወደ ጎጆ ሄደች። የእኔ ቆሽት ግን አረረ። ጋዲሴ ክረምት ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እማዬ ዘንድ ትመጣለች። እኔ ሰላም እላታለሁ፣ ግን በየንግግሬ መሐል መርፌ አላጣም። "እናንተ እኮ ቅዱሳኑን ንቃችሁ…" እያልኩ። እሷ ዝም ብላ ቁልፍ ትተክልልኛለች። እጇ ለሥራ ጥሩ ነበር።

የእማዬ መጨረሻ በሕማማት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ያደገ ሰው ካለ ልንገረው፦ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። እማዬ ታማ፣ በእኔ ትከሻ ተደግፋ ሄደች፤ የራሷን ፍትሐት በቁሟ ሰማች። ስንመለስ "በይ እንግዲህ፣ ወረቀቴ አልቋል" አለች፣ መሥሪያ ቤት ጉዳይ እንዳስጨረሰ ሰው። ሰኞ ጋዲሴ መጣች። በሕማማት መሳሳምም መጨባበጥም የለም፤ ይሁዳ ጌታን የሸጠው በመሳም ነውና። እሷ የእማዬን መታመም ሰምታ ደንግጣለች፤ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ልትጠመጠምብኝ መጣች። "ሕማማት ነው" አልኳት። እጇን ሰበሰበች። አድጋበታለችና ታውቀዋለች። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እማዬ አረፈች።

ቁልፉን ከአንገቷ ፈትቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። የክት ቀሚሷ አለ፤ ነጠላዋ አለ፤ የአባታችን ቀበቶ አለ። መግነዙ የለም። አገላበጥኩት፣ ደፋሁት፤ የለም። ጋዲሴ አጠገቤ ቆማለች። ፊቷን ሳየው የምታውቀው ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ጋዲሴ፣ መግነዙስ?"

የእማዬን ነጠላ ከመሬት አንሥታ ማጠፍ ጀመረች።

"ክረምቱን እዚህ ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ። አይተሽዋል አላየሽውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ የት ገባ?"

"ልነግርሽ አልችልም፣ እትዬ። አፈር ስሆን አትጠይቂኝ።"

"አላውቅም" ብትለኝ ኖሮ ምናልባት ባመንኳት። ግን ጋዲሴ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት አይሆንላትም። እኔም ነገሩን በራሴ ልክ ቆርጬ ሰፋሁት። መስቀል የተጠለፈበት ጨርቅ፣ ጴንጤ የሆነች ልጅ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጥላዋለች፣ ወይ አቃጥላዋለች። ሮጬ አቡጄዲ ገዛሁ፣ እንባዬ መርፌው ላይ እየወረደ በግማሽ ሰዓት ሰፋሁት። መስቀል ልጠልፍበት ስል ጊዜው አልበቃኝም። እናቴ ያለ መስቀል ተቀበረች። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ጋዲሴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ያንን ሳይ ጭራሽ ዓይኔ ቀላ። ቆምኩ፤ ከዚያ ሁሉ የእድር ሰው ፊት "የእናቷን መግነዝ ጥላ፣ ዓይኗ ደርቆ የተቀመጠችውን እዩልኝ! ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!" አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል። ጋዲሴ ተነሥታ ወጣች። ወደ ጎጆ ግን አልተመለሰችም፤ ጓደኛዋ ቤት ሰነበተች። የፋሲካ ዕለት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋዲሴ ነች፤ በእማዬ አጋገር የጋገረችውን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ይዛለች። "ጎፍታን ካኤራ" አለችኝ በኦሮምኛ፤ ጌታ ተነሥቷል ማለቷ ነው። ከዚያ ዳቦውን መሬት አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ሕማማቱ አልቋላ! "ዓይንሽን ላፈር" ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ዳቦው እዚያው በሩ ላይ እስከ ከሰዓት ዋለ፤ በኋላ ማን እንዳነሣው አላውቅም።

እንዲህ ሆነን አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። በየዓመቱ ለዳግም ትንሣኤ ከጎጆ በጭነት መኪና አንድ ጆንያ ድንች ይመጣልኛል። ደብዳቤ የለው፣ ስም የለው። ሾፌሩ "ከእህትሽ" ብሎ ያወርደዋል፤ እኔ ደግሞ ሳልፈታው ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። የዚያን ሁሉ ዓመት የጎጆ ድንች የበላው ጎረቤቴ ነው። "አስካለ፣ ይኼ ድንች እኮ ዱቄት ነው፣ አንድ ቅመሺ" ሲሉኝ "ሞቼ ልገኝ" እላለሁ። ካሴት ቤቱ ተዘጋ፣ ሞባይል መሸጫ ሆነ። ልጆቼ አዲስ አበባ ገቡ፤ ባለቤቴም አረፈ። ብቻዬን ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጋዲሴ ትናፍቀኝ ነበር። ቁልፍ በተከልኩ ቁጥር ትናፍቀኛለች። ፋሲካ ሌሊት ካህኑ የምሥራቹን ሲያሰሙ ከሕዝቡ ጋር እልል እላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን ዶሮዬን ለብቻዬ አቅርቤ ግድግዳ እያየሁ እበላለሁ። ተነሥቷል እላለሁ እንጂ እኔ ቤት ምንም የተነሣ ነገር አልነበረም። ይቅርታ የምትጠይቀኝ እሷ ነች እያልኩ እጠብቅ ነበር። ኩራት ክፉ ነው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ አንዲት ሴት ሱቄ ገባች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ጨዋ። ለፋሲካ የቀሚሷን ወገብ እንዳጠብብላት ነው የመጣችው። ስለካት ከስፌት መኪናዬ በላይ የተሰቀለውን የእማዬን ፎቶ አየች። እማዬ መናኸሪያ በር ላይ ዳቦዋን ታቅፋ የተነሣችው ነው።

"እኚህ እናት እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለችኝ።

"እናቴ ናት።"

ወንበር እስክሰጣት አልጠበቀችም፤ የልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አለች። "ጫልቱ እባላለሁ። እኔና ወንድሜ ደሳለኝ ከጌዶ መጥተን ከእናትዎ ቤት ጀርባ ተከራይተን ነበር" አለች።

ቤቱን አወቅሁት። ደሳለኝ ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን የመጣ። ታሞ እየከሳ ሄደ። ያኔ የበሽታውን ስም ማንም አይጠራም፤ "ያ በሽታ" ነበር የምንለው። በዚያ በኩል ሳልፍ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደርግ ነበር። "እዚያ ጓሮ ያለው ልጅ ያ በሽታ ነው የያዘው" ብዬ ለስንት ደንበኛ እንደነገርኩ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። ሲሞት ከሰፈሩ ማንም አልሄደም። እኔም አልሄድኩም።

"የሞተው በነሐሴ ዝናብ ነው" አለች ጫልቱ። "እድር የለን፣ ዘመድ የለን። አከራያችን እንኳ ቤቱን ጥሎ ዘመድ ጋ ሄደ። አዴ ብርቄ ከታናሽ ልጃቸው ጋር መጡ። ውሃ አሙቀው ሁለቱ አጠቡት። እኔ እህቱ ፈርቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። 'ነይ፣ ወንድምሽ ነው፣ እግሩን ያዢ' አሉኝ። ያዝኩት። መገነዣ ጨርቅ ስናጣ ቤታቸው ሄደው አመጡ። አዲስ አቡጄዲ፣ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለው። አንዱ ክንዱ ብቻ ብርቱካናማ ነበር።"

"ለምን? ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ፣ ማንን እንደምጠይቅ እንኳ ሳላውቅ።

"ለማንም እንዳይናገሩ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ጽዳት ገና መቀጠሬ ነበር፤ ከተሰማ እባረራለሁ። እናትዎም 'እኔም ዳቦ ሻጭ ነኝ፤ ይህን ያጠበ እጅ ማን ይበላለታል? ሆድ ይፍጀው' አሉ። ልጃቸውን አስማሏት። እኔም ብዙ ሳልቆይ ወደ ጉደር ሄድኩ። አሁን ግን መድኃኒቱ መጣ፤ ሰውም ስሙን ይጠራዋል። አልፈራም። ከፈለጉ ይንገሩት፤ የወንድሜም ስም ይጠራ።"

ወገቡን አጠበብኩላት፣ እንዴት እንዳጠበብኩት ግን አላስታውስም። ስትወጣ ሱቄን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያለ መግነዝ የቀረችው እናቴ አልነበረችም፤ እህቴን ነበር እኔ ገፍፌ ያቆምኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ስቅለትን ውዬ ሰገድኩ። ስንት እንደሰገድኩ ጉልበቴ ይናገር።

ቅዳም ሹር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ቄጤማ ራሴ ላይ አስሬ ተነሣሁ። ጊንጪ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ድንች ሊጭን በሚወጣ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ "እናቴ፣ ሰው ለፋሲካ ወደ ታች ይወርዳል፣ እርስዎ ወደ ብርዱ ይወጣሉ?" አለኝ። "እህቴ ጋ ነው" አልኩት። ስንት ዓመት ሆኖኛል ይህን ቃል ካልኩ! መንገዱ ያንገጫግጫል፤ እኔ ግን የምፈራው ሌላ ነው። በሩን ብትዘጋብኝስ? መብቷ ነው። ዳቦ ይዛ መጥታ ዘግቼባታለሁ። እኔ ደግሞ ደንግጬ ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት።

ጎጆ ስደርስ ጉሙ ወርዷል። ቤቷን አንዲት ሴት አሳየችኝ። ጋዲሴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትመርጣለች፤ ትልልቁን ለብቻ ወደ ጆንያ ታስገባለች። የእኔን ጆንያ! ቀና አለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ታናሼ ሸብታለች፤ እኔ ሳላይ! ተነሥታ እጇን ዘርግታ ሮጠች፤ ግማሽ ስትደርስ ራሴ ላይ ያለውን ቄጤማ አየች። ቆመች። እጇን ሰበሰበች።

"ሕማማት ነው" አለች ቀስ ብላ።

አንጀቴን በላችው። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እሷ የእኔን ሥርዓት ጠብቃ ቆመችልኝ።

"ጫልቱ ነገረችኝ" አልኳት።

በርጩማው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እኔም ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ድንቹን አብሬያት መምረጥ ያዝኩ። በመጨረሻ የእኔ አፍ ነው፣ አልቻለም። "እማዬ ከሞተች በኋላ እንኳ አትነግሪኝም? ሰው ፊት እንዲያ ሳዋርድሽ?"

"ለጫልቱ ምለናል፣ እትዬ። እንጀራዋ ነበር።" ድንች አንሥታ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገች። "እማዬን ደግሞ ጠይቄያታለሁ። 'አስካለ አንድ ቀን ሣጥኑን ብትከፍትስ ምን እንላታለን?' ስላት፣ 'ተያት፤ በትንሣኤ ሙታን ስንገናኝ እኔው ራሴ እነግራታለሁ' አለችኝ።"

"እና አንቺ እስከዚያ ልትጠብቂ ነበር?"

"ምን ላድርግ? ነግራሽ ስትስቂ አየው ነበር በሐሳቤ። የማይቀር ቀን ነው። እስከዚያ ትንሽ ብትቆጪኝስ?"

"ትንሽ! አሥራ አንድ ዓመት!" አልኩ። ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። "ስለ መግነዙስ? የራሷን ስትሰጥ ምን አለች?"

"'ያንቺስ?' ብያት ነበር። 'እኔ ስነሣ ጌታ የሚያለብሰኝ አለኝ፤ ይህ ልጅ ግን ነገ ጠዋት የሚለብሰው የለውም' አለችኝ። ሌላ ማሰፋት ፈልጋ ነበር እኮ። የተወችው አንቺን ፈርታ ነው። 'አስካለ መጠየቅ ከጀመረች እስክትነግሪያት አታቆምም' ትል ነበር።"

በስመ አብ! እናቴ ያለ ሁለተኛ መግነዝ የቀረችው በእኔ ምላስ ምክንያት ነው። ይህን ስሰማ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ጋዲሴ ግን እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። "በቀብሩ ለምን አላለቀስሽም?" ብዬ ጠየቅኋት፤ ይህም ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ነበር። "አልቅሻለሁ፤ እዚህ መጥቼ" አለች። "እዚያ አንቺ ስታለቅሺ ሰው ይዞሽ ነበር። እኔን የሚይዘኝ አልነበረም።" ይቅርታ አልኳት። አንዴ ብቻ ነው ያልኩት፤ ሁለተኛውን "በቃ" ብላ ከለከለችኝ።

ለፋሲካ ሌሊት ወደ ጎጆ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጋዲሴ ባትሪ ይዛ እስከ ቅጥሩ በር ሸኘችኝ። ዶሮ ሲጮህ ሥርዓቱ አልቆ ስመለስ በሯ ላይ ጋቢ ደርባ ቆማለች። አላስጀመርኳትም፤ ቀድሜያት "ጎፍታን ካኤራ" አልኩ። "በእውነት ተነሥቷል" አለች በአማርኛ። ሳምኳት። አንዱን ጉንጭ፣ ሌላውን፣ ግንባሯን፣ እጇን። ሳሙናና የድንች አፈር ትሸታለች። የዘጋሁባትን በር፣ ያልቀመስኩትን ድንች ሁሉ በዚያ ሳምኳት። ባሏ ከውስጥ "ብርድ ነው፣ ግቡ እንጂ!" ይላል፤ ማን ይሰማዋል! ጠዋት ድንቹን ቀቅላ በጨውና በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ጎረቤቶቼ እውነታቸውን ነው፤ ዱቄት ነው።

ትንሣኤ ማለት ለእኔ ድሮ ሁለት ነገር ነበር፤ የጾም መፍቻ፣ ደግሞም ለቀስተኛ የሚጽናናበት ቃል። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ለማክሰኞና ለረቡዕም ሆነልኝ። ከሰው ጋር ስጣላ፣ ከጎረቤትም ይሁን ከደንበኛ፣ ሙታን በሚነሡበት ቀን ፊት ለፊት ነው የማገኘው እላለሁ፤ እንግዲያ ዛሬ በር ብዘጋበት ምን ይረባኛል? አፌ አሁንም አይታሰርም። ግን ቶሎ ይመለሳል። ወደ አምቦ እንደተመለስኩ ሁለት መግነዝ ሰፋሁ፣ አንዱን ለእኔ አንዱን ለጋዲሴ። እሷ "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለችና ሳቀች፤ ግን ተቀበለችኝ። ዓመት ሳይሞላ የእኔን አንዲት የቀን ሠራተኛ ለብሳው ሄደች፤ ከሱቄ ጀርባ ብቻዋን የሞተች፣ አገሯ የማይታወቅ። ራሴ አጠብኳት፤ እማዬ እንዳለችው መጀመሪያ እግሯን ያዝኩ። ለጋዲሴ ስልክ ደውዬ "መግነዜን ሰጠሁት" ብላት ሳቀች። "ምነው?" ስላት "የእኔም እኮ ካለፈው ወር ጀምሮ የለም" አለች። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ነው። እሰፋለሁ፤ ደግሞም ይሄዳል። አሁንም ሁለታችንም ሣጥናችን ባዶ ነው።

ባለሱቁ ጨርቁን ቆርጦ አጥፎ ሰጠኝ። "እማማ፣ ጥያቄዬን አልመለሱልኝም" አለኝ። "አንዴ ነው የምሞተው፣ ልጄ። ለዚያ ቀን ጨርቅ ከተረፈኝ ደግሞ ጥሩ፤ ካልተረፈኝም የሚያለብሰኝ አለ" ብዬው ወጣሁ። ቤት ገብቼ እስኪመሽ ሰፋሁ። መስቀሎቹን በቀይ ጠለፍኩ፤ አራተኛውን ክንድ በብርቱካናማ። ቀይ ክር አልቆብኝ አይደለም፤ ሞልቶኛል። ጋዲሴ የፋሲካ ማግስት ትመጣለች፤ የእሷን አጣጥፌ አስቀምጬላታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። እማዬ በትንሣኤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ ብላለች። በዚያ ቀን ስታገኘኝ ወደ ጎን ትስበኝና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የደሳለኝን ነገር ከመጀመሪያው ትጀምርልኛለች። ሰምቼዋለሁ አልላትም። እስክትጨርስ ዝም ብዬ እሰማታለሁ።